ዜማ የግጥም ጋሪ ነውን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከኮምቦልቻ አንድ ጽሑፍ በስልክ ላከልኝ። ርዕሱ «ዜማ ጋሪ ነው» ይላል። ወዳጄ ከሥሩ «ይህን አንብበህ ዝም ካልክ እታዘብሃለሁ» ብሎ ጨምሮበታል። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው በሰል ያሉ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ግጥም እንደሚወዱም ግልጽ ነው። ነገር ግን ምሳሌያቸውን ሁሉ የወሰዱት ከወሎ ዘፈን ነው፤ የደረሱበትም ድምዳሜ የማውቀውን ወሎ የሚመስል አይደለም። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። በዘፈን ውስጥ ትርጉም ያለው ግጥሙ ብቻ ነው፤ ዜማ ጭነቱን አድርሶ የሚመለስ ጋሪ ነው። ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ረድፎች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ)፣ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው ዘፈኖቻችን ሁሉ አንድ ሆነዋል። ለዚህ ማስረጃው ወሎ ነው፤ በአንድ ዜማ ላይ መቶ ግጥም ይደረደርበታል። ዜማ የሚያስለቅሰንም ስለለመድነው እንጂ በራሱ የሚለው ነገር ስላለው አይደለም። ኅብረ ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ተደርቦ የሚሰማ ልዩ ልዩ ድምፅ፣ የሌለው ሙዚቃ ደግሞ ጎዶሎ ነው። በመጨረሻም «ልጆቻችን ቅኝት በመልመድ ጊዜ ከሚያባክኑ ኮምፒውተሩ የሚሰጣቸውን ይዘው ግጥም ላይ ይበርቱ» ብለው ይመክራሉ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በሠርግና በድግስ ላይ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ፤ አሁን ቧንቧ ውሃ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ። የምናገረው በእጄ ከነካሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት ነው።

«ግጥሙን ከዘፈኑ አውጡት፤ የሚቀረው ድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ትርጉም የለውም» ይላሉ። የጽሑፋቸው ዋልታ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከእናት እንጀምር። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን «እሹሩሩ» ሲባል ለቅሶውን ይተዋል። ከሚባለው ቃል አንዱንም አያውቅም። ያዳምጣል፤ ድምፁ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሁልጊዜም እዚያው የለመደው ቦታ ያርፋል። ያችው እናት ያንኑ ቃል እንደ ወሬ ብትናገረው ልጁ ማልቀሱን ይቀጥላል። ግጥም ነው ያስተኛው እንዳንል ልጁ ቋንቋ የለውም።

ከልጅ አለፍ እንበል። ወሎ ውስጥ ተወልዶ መንዙማ ያልሰማ የለም፤ እነ ዳናና እነ ጀማ ንጉሥ የመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ስማቸው የታወቀበት ነገር ነው። አንዳንዱ መንዙማ በአማርኛ ነው፣ አንዳንዱ በዐረብኛ ነው፣ አንዳንዱም ሁለቱን እያፈራረቀ ይሄዳል። ዐረብኛው ሲመጣ ከተቀመጠው ሰው ብዙው ቃል በቃል አይከተለውም። አውጪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወጣ፣ ድቤው ሲመታ፣ ተቀባዩ በአንድ አፍ ሲመልስ ግን ሽማግሌዎች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ብዙም ሳይራቅ፣ በማኅሌት ሌሊት ግዕዝ የማያውቁ እናቶች ሊቃውንቱ ዜማውን ሲያነሱት ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ጸሐፊው ለእነዚህ ሰዎች ምን ይሏቸዋል? ባዶ ጋሪ እየተከተላችሁ ነው ይሏቸዋል?

የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ለዜማ ካወጡለት ስም ያስታውቃል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ የሚጠራው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስት ዓይነት ነው፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በሰው ልብ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ቃሉ ተለውጦ ሌላ ቃል ቢገባም አራራይ አራራይ ነው። በዓለማዊውም ትዝታን «ትዝታ» ያሉት ያንኑ አይተው ነው። አንቺሆዬ ስሙን ከቃል እንደወሰደ አልክድም። አራራይና ትዝታ የሚሉትን ሁለቱን ስሞች ግን ያወጣው፣ ዜማ ራሱ አንድ ነገር እንደሚል የገባው ሰው ነው።

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱትንም የሰማ ያስታውሳል። አንድም ቃል የለበትም። ፉከራው ግን ሙሉ ነው፤ ሰውዬው ማን ላይ እንደሚዝት ባናውቅም መዛቱን ማንም አይስተውም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በፒያኖ የተዉልን ሥራም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ያረፉት እኒህ እናት ብዙውን የተናገሩት ያለ ግጥም ነው፤ ሰምቶ ያልገባው ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአምባሰል አካባቢ የመጣች አንዲት ልጅ ዘፈን ስትቀዳ እኔ በኪቦርድ ላጅባት አብሬያት ገባሁ። የዘፈነችው አምባሰል ነው። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትሻገር እያርገበገበች ነው የምትሻገረው፣ በድጓው ምልክት «ርክርክ» የሚባለውን ዓይነት። ቀረጻው አለቀ። ቀራጩ ወጣት ድምፅ የሚያርመውን ፕሮግራም፣ ኦቶ ቲዩን የሚባለውን፣ አስገባበት። ይህ ፕሮግራም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ዘፋኙ ከኖታው ፈቀቅ ካለ ወደ ቅርቡ ኖታ ይስበዋል። የትኞቹ ኖታዎች ትክክል እንደሆኑ ግን ሰው ሊነግረው ይገባል። ወጣቱ በቸልታ ይሁን በልማድ በዶ ሜጀር ላይ ተወው። ማለትም ለፕሮግራሙ ትክክል ማለት የኪቦርዱ ነጭ ቁልፎች ብቻ ሆኑ።

አምባሰል ከዶ ሲነሣ አምስቱ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ሦስቱ ነጭ ሁለቱ ጥቁር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሬ ፍላት የሚባል አያውቅም፤ ላ ፍላትም አያውቅም። ልጅቷ ሬ ፍላት ባለች ቁጥር አንዴ ወደ ሬ ይገፋታል፣ አንዴ ወደ ዶ ያወርዳታል። ላ ፍላቱንም እንዲሁ አደረገው። ርክርኩን ደግሞ እንደ ደረጃ ቆራረጠው።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው። ግማሽ ሳይደርስ አወለቀችው። «ቃሉ የኔ ነው» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «ድምፁም የኔ ነው፤ ዘፈኑ ግን የኔ አይደለም» አለች።

ጸሐፊው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ከግጥሙ አንድ ፊደል አልተነካም። ምቱ አልተለወጠም፣ ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ ዘፋኟም ያችው ናት። ከርክርኩ ሌላ የተነካው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ እርምጃ። እንደ እርሳቸው አባባል ጭነቱ ምንም አልሆነ፤ የተነካው ጋሪው ነው። ታዲያ ልጅቷ የጠፋባት ምንድን ነው?

ኪቦርድ ያለው ሰው ቤቱ ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላትን ቀስ ብሎ እየወጣና እየወረደ ይጫወት፣ ዶ ላይ ይረፍ። ከዚያ ሁለቱን ጥቁሮች ትቶ በቦታቸው ሬንና ላን ያስገባ። እነዚህኑ አምስት ነጮች ፋ ላይ ቢያሳርፋቸው ደግሞ ትዝታ ሜጀር ሆነው ይመጡለታል። አንድም ሰው ቃል ሳይናገር ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይለወጣል።

(ቀረጻው በኋላ ተስተካክሏል። ወጣቱ ትሑት ልጅ ነበር፤ አምስቱን ድምፅ አንድ በአንድ ተጫወትኩለት፣ ለፕሮግራሙ ነገረው፣ ርክርኩ ባለበትም አጠፋው።)

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «አምስት ድምፅ ምን ያህል ሊሄድ ይችላል? ለዚህ ነው ዘፈኖቻችን ሁሉ የሚመሳሰሉት» ይላሉ።

የቁጥሩን ጉዳይ በቁጥር እንመልከተው። በአምስት ድምፅ ስምንት እርምጃ ብቻ ያላት አጭር ሐረግ እንሥራ ብንል 390,625 የተለያየ መንገድ አለ። ይህ የድምፁ ርዝመትና እጥረት፣ ምቱ፣ ማረፊያው፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው መዝለሉ ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ ከማነሱ የተነሣ አለቀ የሚባል ነገር የለም።

ከቁጥሩ በላይ ግን ጸሐፊው ያላዩት አንድ ነገር አለ። ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ድምፅ ቤት እንደሆነ ነው። ትዝታ ማይነርን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ዶ ላይ ተነሥታችሁ ዶ ላይ ስታርፉ ትዝታ ነው። አሁን አንድም ድምፅ ሳትጨምሩ፣ አንድም ሳትቀንሱ፣ ሶልን ቤት አድርጉት፤ ከሶል ተነሡ፣ ወደ ሶል ተመለሱ። ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። ይህ አምባሰል ነው። አምስቱም ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው። ሰው ከደሴ ወጥቶ ወደ ደሴ መመለሱና ከኮምቦልቻ ወጥቶ ወደ ኮምቦልቻ መመለሱ አንድ መንገድ ነው፤ መሐል ያለውን የሐረጎን ተራራ ያው ይወጣዋል፣ ያው ይወርደዋል። ለመንገደኛው ግን አንድ ጉዞ አይደለም። አንደኛው ማታ ላይ ብርድና ጉም ወዳለበት ወደ ጦሳ ተራራ ሥር ይገባል፤ ሌላኛው ሞቅ ወዳለው ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ይወርዳል።

ሌላም ላክል። የአምባሰል አምስት ድምፆች በጃፓን ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥም፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሳይቀር፣ ልክ እንደኛው ይገኛሉ። የጃፓኑን ሰምቶ «ይህ አምባሰል ነው» የሚል ወሎዬ ግን የለም፤ አካሄዱ ሌላ፣ አተነፋፈሱ ሌላ ነው። በድምፅ ማነስ ዘፈን ይመሳሰላል ቢባል ኖሮ ውቅያኖስ ተሻግሮ ያለው ሕዝብ ከእኛ ጋር አንድ ዘፈን ይዘፍን ነበር።

በርግጥ የሰሞኑ ዘፈኖች ይመሳሰላሉ ማለታቸው እውነት ነው፤ እኔም በየሠርጉ ስለምጫወታቸው ይሰማኛል። ምክንያቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣውን ምት አንዱ ከሌላው ይቀዳዋል፤ ባለፈው ዓመት የተወደደውን አዝማች ጫፉን ቆርጠው ዘንድሮ ያመጡታል፤ የዜማ ደራሲ የሚከፈለው ገንዘብ ለቪዲዮው ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ይህን የሠራነው እኛ ነን። ጥፋታችንን ባቲና አምባሰል ላይ ባንለጥፍ ጥሩ ነው።

እነዚህ ስሞች ለእኛ የመጽሐፍ ስሞች አይደሉም። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው የሚገናኝባት ገበያ ያላት። አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅን አልፎ ነው። ተራራው እንዲህ ስለሆነ ዜማውም እንዲህ ሆነ የሚለውን ጨዋታ አልወደውም፤ ዜማን የሚያወጣው ሰው ነው። ቢሆንም ስሙን ሲጠሩት ሰው የሚኖርበት አገር እየጠሩ መሆናቸውን ጸሐፊው ልብ ቢሉ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ነጥባቸው ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው። «ወሎ ውስጥ በአንድ ዜማ ላይ መቶ ግጥም ይደረደራል፤ ይህ የዜማ ድህነት ነው» ብለዋል።

አንድ ምሽት አዝማሪ ያለበት ቤት ገብተው ቢቀመጡ ይህን ባልጻፉ ነበር። ማሲንቆው አንድ ጭራ ነው ያለው። አዝማሪው ደጋኑን እየሳበ የታወቀውን ዜማ ያዞረዋል። ከወዲያ ማዶ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሰውዬው ስንኝ ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ሳይውል ሳያድር እዚያው በዜማው ላይ አስቀምጦ ያወጣዋል። ቤቱ በሣቅ ይፈርሳል፤ ወይም ዝም ይላል፤ እንደ ስንኙ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዜማው ስለጸና ነው። ሁሉም ሰው ዜማው የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ግጥም ሰጪው ቃሉን በዚያ ልክ ይቆርጠዋል። ዜማው በየመስመሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ «ተቀበል» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን ብናየው ይሻላል። የአማርኛ ግጥም ራሱ የሚለካው በምንድን ነው? የወል ቤት የምንለው በአንድ ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ መሐሉ ላይ ይከፈላል። ለምሳሌ እኔው የገጠምኩትን ልጥቀስ፦

ሐረጎ ሲጨልም ጦሳ ጉም ሲለብስ፣
አንቺን ብሎ ልቤ ይኖራል ሲያለቅስ።

«ሐረጎ ሲጨልም» ብላችሁ ትንሽ ሳትቆሙ «ጦሳ ጉም ሲለብስ» ማለት አይመቻችሁም። ያ ማቆሚያ የፊደል ሕግ አይደለም፤ የዜማ እስትንፋስ ነው። የግጥም ዓይነቶቻችንን ስም ደግሞ ተመልከቱ። «ቡሄ በሉ» የሚባል የግጥም ምጣኔ አለ፤ ስሙን ያገኘው ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ከሚዘፍኑት ዘፈን ነው። «ሰንጎ መገን»ም እንዲሁ የዘፈን ስም ነው። መጀመሪያ ተዘፈነ፣ ከዚያ ተቆጠረ፣ ከዚያ የግጥም ቤት ተባለ። ጸሐፊው ጭነቱ ግጥም ነው ጋሪው ዜማ ነው ሲሉ፣ ያ ጭነት የተሰፈረበት ቁና ራሱ ዜማ መሆኑን ዘንግተውታል።

አያቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው አንድ ዜማ ነበራት። ዕድሜዋን ሙሉ አንዱን። እንዝርቱ እየሾረ፣ ክሩ በጣቶችዋ መሐል እየቀጠነ ሲወጣ፣ ዜማዋ ከክሩ ጋር አብሮ ይረዝማል፤ እንዝርቱን ስታሳርፍ ዜማውም ያርፋል። ቃሉ በየቀኑ ሌላ ነው። ባልዋን የቀበረች ሰሞን የተናገረችውን አስታውሳለሁ፣ አጎቴ ከስደት የተመለሰ ሰሞን ያለችውንም አስታውሳለሁ፤ ሁለቱም በዚያው ዜማ ናቸው። ያ ዜማ ደሃ አልነበረም። ኀዘንዋንም ደስታዋንም የቻለ ዜማ ነበር። ቃሎቹ አብዛኞቹ ከእርስዋ ጋር አፈር ገቡ፤ ዜማዋን ግን አሁንም ማንጎራጎር እችላለሁ፣ ሳንጎራጉረውም ፊትዋ ይመጣብኛል።

አራተኛው፦ «ዜማ የሚያስለቅሰን ስለለመድነው ነው እንጂ በተፈጥሮው የያዘው ነገር የለም።»

ግማሹን እቀበላለሁ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉት አምስት ድምፆች በአውሮፓ የሕፃናት መዝሙር ውስጥ ሞልተዋል፤ ማንም አያለቅስባቸውም። እነዚያው አምስቱ ለእኛ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ስለዚህ «ሜጀር ደስታ ነው፣ ማይነር ኀዘን ነው» የሚለው የመማሪያ ቤት ሕግ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ሐዘን ከድምፁ ርቀት ብቻ አይወጣም። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን የተለመደ ነገር ትርጉም የለውም ያለው ማን ነው? «እናት» የሚለው ቃልስ በልማድ አይደለም ወይ ትርጉም ያገኘው? ፈረንጅ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ምንም አይልም። የለመድነውን ሁሉ ትርጉም የለሽ ካልን መጀመሪያ የሚወድቀው እርሳቸው የሚወዱት ግጥም ነው።

አምስተኛውን በአጭሩ ልመልስ። ኅብረ ድምፅ የሌለው ሙዚቃ ጎዶሎ ነው ማለት፣ ወጥ የሌለው ቆሎ ጎዶሎ ነው እንደማለት ነው። ሲሠራ ለዚያ አልተሠራም። አምባሰልን ዶ ላይ ብናቆመው ሚ የለውም፣ ሚ ፍላትም የለውም። ስለዚህ ኪቦርዲስቱ ከሥሩ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል በአንድ ጊዜ) ቢያደርግ ወይም ማይነር (ዶ፣ ሚ ፍላትና ሶል) ቢያደርግ፣ ሁለቱም ጊዜ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ጨምሯል ማለት ነው። እኔም ወጣት እያለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ የማሲንቆ ተጫዋች ሠርግ ላይ ጎኔ ተቀምጠው «ልጄ፣ ግራ እጅህን ትንሽ አሳርፈው» ብለውኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ አምባሰል ሲመጣ በግራ እጄ ዶና ሶልን ብቻ ይዤ እቆማለሁ፤ ዘፋኙም ይመቸዋል። ይህ ማለት ግን ኅብረ ድምፅ አይነካን ማለት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምረው ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያገናኙት ዜማውን ንቀው ሳይሆን ጠባዩን አጥንተው ነው፤ ለዚህም ነው ዓለም ሁሉ ሲሰማው የኢትዮጵያ መሆኑ የሚታወቀው።

የቀረኝ ስለ ልጆች ያሉት ነው። «ቅኝት በመልመድ ጊዜ ማባከን።»

እኔ ዘንድ ከሚማሩት ውስጥ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አለች። የመጀመሪያ ቀን ልጆችን የማስጀምረው በጥቁሮቹ ቁልፎች ነው፤ ምንም ቢነኩ አይሳሳቱም። ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያው ላይ እያረፈች ትዝታ ሜጀር ስትጫወት ቆየች። እኔ ሌላውን ልጅ ሳሳይ እርስዋ ጣትዋ ሸሸና ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛው ላይ ማረፍ ጀመረች። ደጋገመችው። ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ እዚህ ሳቆም ሌላ ዘፈን ሆነ» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። «ቤት ሄደሽ ለሰው አሰሚና ጠይቂ» አልኳት።

በሳምንቱ መጣች። በአባትዋ ስልክ ላይ ባለው ኪቦርድ ለአያትዋ አሰምታቸው ኖሯል። አያትዋ ቡና እየቆሉ ነበር አሉ፤ መቁላቱን ትተው «ይህማ ባቲ ነው» አሏት። ልክ ናቸው፤ ባቲ ማይነር ነው። ሴትዮዋ ሜጀርና ማይነር የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። በስልኩ ውስጥ ግጥም አልነበረም፣ ዘፋኝም አልነበረም፤ የአንዲት ልጅ አንድ ጣት ብቻ ነበረ። የትኛው አገር እንደሆነ ለማወቅ ግን ያ በቃቸው።

ልጅቷ አሁን «አምባሰልስ የት ነው ያለው?» እያለች ነው። ጥቁሮቹ ብቻ አይበቁሽም፣ ነጮቹም ያስፈልጉሻል ብያታለሁ። ቅዳሜ እንጀምራለን።